ሞዴል 228 ያመጣሽው እህቴ፣ ቱቶሪያል ከመግባትሽ በፊት ይህን አንብቢ

እታለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ12ኛ ክፍል የሶሻል ተማሪ ነሽ። ሞዴል ላይ፣ ከማትሪክ በፊት በሚሰጠው የሙከራ ፈተና፣ ከ600 228 አምጥተሻል። ማትሪኩ ሁለት ወር ቀርቶታል። «ደብረ ብርሃን ሄጄ ቱቶሪያል ልግባ ወይስ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሬ ላንብብ?» ነው ያልሽው።

ሁለቱንም አታድርጊ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ አንድ ወር ሙሉ አቃጥያለሁ።

እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። ሞዴል የተፈተንነው በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። 219 አመጣሁ፤ ካንቺም ያንሳል። እንግሊዝኛ 38፣ ሒሳብ 24፣ ጂኦግራፊ 41፣ ታሪክ 47፣ ኢኮኖሚክስ 36፣ አፕቲትዩድ 33። እስከ 11ኛ ክፍል ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜን ከላይ ጀምሬ ፈለግኩ። ያገኘሁት ሁለተኛው ወረቀት ላይ፣ ወደ ታች ነው። ሒሳብ 24 የሚለውን ሳይ የሌላ ሰው ውጤት መሰለኝ። አንቺም «ሒሳብ እችል ነበር እኮ» ብለሻል። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

1. ወረቀትሽን በዓይንሽ እዪው። ውጤቱን አይደለም፤ የጥያቄውን ወረቀትና ያጠቆርሽውን አንሰር ሺት፣ የመልስ ወረቀቱን ማለቴ ነው።

ይህንን ያኔ የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ያደረግኩት ቤት ገብቼ ማልቀስ ነው። አባቴ ሁለት ቀን ዝም ብሎ አየኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለት በግ እየነዳ ገበያ ወጣ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ በጾም በግ ማን ይገዛል? ለፋሲካ ቢያቆያቸው ጥሩ ዋጋ ያወጡ ነበር። በርካሽ ሸጦ ብሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረልኝና «ሂጂ፣ ተማሪ» አለኝ። ያቺን ቋጠሮ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

በሶና ቆሎ ይዤ፣ ዝተቴን፣ የሱፍ ብርድ ልብሴን፣ ጠቅልዬ፣ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፌ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራየሁ። ለቱቶሪያል 2,500 ብር ከፈልኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ነበርን። አስተማሪው ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን ከ9ኛ ክፍል ምዕራፍ አንድ ነው የጀመረው። ወሩ ሲያልቅ ገና 10ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ነበርን። ማታ ማታ ደግሞ የ9ኛን መጽሐፍ ከገጽ አንድ ጀምሬ አነብ ነበር። የማውቀውን እንደገና አነበብኩ፤ የማላውቀው ጋ ሳልደርስ ብሩም ወሩም አለቀ። ፋሲካን እንኳ ከቤተሰብ ጋር በደንብ አልበላሁም። አስተማሪው እኔ የት ላይ እንደምሳሳት አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ግንቦት ላይ ስመለስ አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ከእኔ አንድ ዓመት የምትቀድም፣ «ወረቀትሽን አይተሻል?» አለችኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

አሁን ስለ ቢሮው ልንገርሽ፤ አንቺንም ይገጥምሻል። ወረቀቶቹን የያዘው ሠራተኛ ቀና ብሎም አላየኝም። «ሞዴል እኮ ነው! ምን ያደርግልሻል? ይልቅ ሄደሽ አጥኚ» ብሎ መሳቢያውን ዘጋው። በሁለተኛው ቀን «ማን ልኮሽ ነው?» አለኝ። እንደ ሌባ ነው ያየኝ። የራሴን ወረቀት ነው እኮ የጠየቅኩት! ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። በሦስተኛው ቀን እሱን ትቼ በቀጥታ ወደ ዩኒት ሊደራችን፣ ክፍሎቻችንን ወደሚቆጣጠሩት መምህር፣ ሄድኩ። «መምህር፣ ወረቀቴን አልወስደውም፤ እዚሁ ፊትዎ አይቼ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ያዢያት። ቢሮዎች የሚፈሩት ወረቀቱ እንዳይወጣ ነው። እዚያው ማየትን የሚከለክል ጤነኛ ሰው የለም።

መምህሩ ካርቶኑን አውርደው የእኔን ፈልገው አወጡ። የሒሳብ አንሰር ሺቴ ላይ ያቺን ማረሚያ የተበሳች ወረቀት ጫኑባት። ታውቂያታለሽ፤ ትክክለኛው መልስ ያለበት ቦታ ተበስቶ፣ ጥቁሩ በቀዳዳው ከታየ ትቆጠራለች። እስከ 16 ድረስ 9 ቀዳዳ ጥቁር ነው። ከ17 ጀምሮ በአጋጣሚ ከገጠሙት ሦስት በቀር ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። መምህሩ ዝም ብለው አዩና የተበሳችውን ወረቀት በአንድ መስመር ወደ ታች ሳብ አደረጓት። ቀዳዳዎቹ በጥቁር ተሞሉ።

17ኛውን ጥያቄ «በኋላ እመለስበታለሁ» ብዬ ዘልዬው ነበር። የ18ን መልስ ግን 17 ላይ አላጠቆርኩም፤ መስመሩን የሳትኩት በተቃራኒው ነው። 17ን ባዶ ልተው ብዬ ሁለት መስመር ዘለልኩ። የ18 መልስ 19 ላይ፣ የ19 መልስ 20 ላይ እያለ እስከ መጨረሻው ሄዷል። መምህሩ ሲቆጥሩት ከ50 ጥያቄ 23 ሠርቻለሁ። 46 ማለት ነው። የተሰጠኝ 24 ነው። አባቴ ሁለት በግ የሸጠው ለአንዲት መስመር ነው። ውጤቱን ግን አላስተካከሉልኝም፤ «ፋይናል ላይም ማንም አያስተካክልልሽም፣ እወቂው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ያንቺም ሒሳብ እንደዚሁ እንደሆነ ይሰማኛል። ሄደሽ እዪው።

2. ያልመለስሻቸውን ሁሉ በሦስት ክፈያቸው። እኔ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ስድስቱንም ትምህርት በእርሳስ እየጻፍኩ ለየሁ፦ ጭራሽ የማላውቀው፣ እያወቅኩ የተሳሳትኩት፣ ሰዓት ያለቀብኝ። እንግሊዝኛ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምንባቦች አልደረስኩባቸውም፤ ሁሉንም «ሲ» ብዬ አጥቁሬያቸዋለሁ። ጂኦግራፊ ላይ «የማይሆነው የቱ ነው?» የሚሉትን «የሚሆነው» ብዬ አንብቤ መልሻለሁ፤ እንዲህ ያሉ 8 ነበሩ። ጭራሽ የማላውቀው ኢኮኖሚክስ ነው። ያ ዓመት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት የነበረበት ነው፤ መምህራችንም ለረጅም ጊዜ አልነበሩም። የብሔራዊ ገቢ ስሌት የሚባለውን ምዕራፍ ሳንማር ነው ሞዴል የገባነው። እንግዲህ ለዚህ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?

3. ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለያየ ነው። የማላውቀውን አንብቤ ነው የሞላሁት። ከክፍላችን ኢኮኖሚክስ የምትችል ልጅ ነበረች፤ እኔ ታሪክ አስረዳኋት፣ እሷ ጂዲፒን፣ የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርትን፣ አስረዳችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ጽዶቹ ሥር ቁጭ ብለን ነበር የምናጠናው። እያወቅሽ ለምትሳሳችው ግን ማንበብ አይረዳሽም፤ መፈተን ነው ያለብሽ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ባዶ አንሰር ሺት 20 ኮፒ አስደረግኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የድሮ ማትሪክ በሰዓት እሠራ ነበር። የሞባይል ዳታ ስላልነበረን ወረቀቱን ከቀደሙን ልጆች ነው የለመንነው። አንቺ በስልክሽ ታገኚዋለሽ፤ ግን ስልክሽ ላይ አትሥሪው። በወረቀት፣ በእርሳስ፣ አጥቁረሽ። በየ10 ጥያቄው ቆም ብለሽ የጥያቄውን ቁጥርና የአንሰር ሺቱን ቁጥር በጣትሽ አመሳክሪ። የዘለልሽውን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ትልቅ ክብ አክብቢበት። እኔ ይህን እስኪለምደኝ አራት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። በአምስተኛው አንድም መስመር አልሳትኩም።

አንዳንዶች «ባይሳካም ሪሚዲያል አለ» ይሉሻል፤ ግማሹን ላላመጡ ልጆች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው። ከ2015 ጀምሮ ብዙ ልጅ በእሱ ገብቷል። ግን መቁረጫ ነጥቡን የሚወስነው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ አንቺ አይደለሽም። 300ን፣ ግማሹን፣ አስቢ።

የእኛ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ያንቺም እንደዚያ ከሆነ ከአሁኑ ልመጂው። ስልክ የለም፣ እናት የለችም፣ ዶርም ውስጥ ከማታውቂያቸው ልጆች ጋር ትተኛለሽ። እኛ የተፈተንነው ሐምሌ 3 ጀምሮ ነው፤ ዝናብና ብርድ። ወፍራም ልብስ ያዢ። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግን ጠዋት እርሳሴን ስይዝ እጄ ሥራውን ያውቅ ነበር።

338 አመጣሁ። እንግሊዝኛ 52፣ ሒሳብ 49፣ ጂኦግራፊ 61፣ ታሪክ 64፣ ኢኮኖሚክስ 58፣ አፕቲትዩድ 54። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ፐርሰንት ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ይህንን ስጽፍ ዛሬም ደስ ይለኛል። አሁን ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ኢኮኖሚክስ ነው የማጠናው። ያ መሳቢያውን የዘጋብኝ ሰው ውጤቱ ሲመጣ አባቴን ገበያ ላይ አግኝቶ «ልጅህን እኛ ነን ለዚህ ያበቃናት» ሲል እናቴም አጠገቡ ነበረች አሉ። አባቴ ምንም አልመለሰለትም። እኔ ግን አልረሳሁለትም።

ለቱቶሪያል ያሰብሽውን ብር ለአባትሽ መልሺለት። ሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ሳይጀመር ሂጂ። ሠራተኛው እምቢ ካለሽ አትከራከሪው፤ ወደ ዩኒት ሊደርሽ እለፊ። ሒሳቡን ከሁሉም በፊት አውጪ። መስመሩ ከስንተኛው ቁጥር ጀምሮ እንደተሳሳተ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ማታ ማታ እገባለሁ።