የልጆች የዳሌ ስብራት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄን ባጃጅ ገጭቶት ዳሌው ተሰብሮ ነበር። አሁን ይሮጣል። ከአዘዞ እየተመላለስን ራጅ ማስነሳቱ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ እናቱ፣ አጥንት መግጠሙ አንድ ነገር ነው፤ በትክክል ማደጉ ሌላ ነው። የጭን አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ የሚያድገው ሦስት የዳሌ አጥንቶች በሚገናኙበት ልም አጥንት ነው። ያ ቦታ ከተጨፈለቀ እድገቱ ያለጊዜው ይቆማል፤ ጎድጓዳው ጥልቀት ያጣና የጭኑ ራስ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል። በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ገና ብዙ የሚያድጉ ስለሆኑ ጉዳቱ ይብስባቸዋል። ስለዚህ ልጁ አድጎ እስኪጨርስ ክትትሉ አይቋረጥ። የድሮውን ራጅም አትጣይ፤ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ እግሩ ያጠረ ይመስላል። ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ባዶ እግሩን ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጉልበቱን አይጠፍ። ካጠረው እግር ሥር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች እየደረባችሁ የዳሌው ግራና ቀኝ ሲስተካከል አቁሙ። የጣውላው ከፍታ ልዩነቱ ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ያጠረውን እግር ጫማ ሶል ማስወፈር ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ረጅሙን እግር ከማደግ የሚገታ ቀዶ ሕክምና አለ፤ የሚሠራው ግን ልጁ ገና እያደገ ሳለ ነው። ዘግይቶ መምጣት ይህን ዕድል ያሳጣል።

ጥያቄ፦ ካቴተሩ (ሽንት እንዲወጣ የገባው ቀጭን ቱቦ) ከወጣ ወዲህ የልጄ ሽንት ቀጠነ፤ ያምጣል።

መልስ፦ ይህ ለቀጠሮ ቀን አይቆይም። በስብራቱ የተቀደደ የሽንት መውጫ ቧንቧ ሲድን ጠባሳው ያጠበዋል። ጨርሶ ከዘጋ ወይም ትኩሳት ካለ ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ሆዱ ላይ የሽንት ማስወጫ ቱቦ የገባለት ልጅ ከሆነ፣ የሽንቱ ከረጢት ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ይበል፤ መሬት ግን አይንካ፤ ቱቦውም አይታጠፍ።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ወደፊት መውለድ ትችላለች?

መልስ፦ ብዙዎች ይወልዳሉ። ዳሌው ተጣሞ ከገጠመ ግን መውጫው ሊጠብ ስለሚችል እርግዝናዋን ከመጀመሪያው ሆስፒታል ትከታተል፤ በቤት አትውለድ።

ጥያቄ፦ እግሩ ወደ ላይ አይነሳም፤ ጣቱ መሬት ይጎትታል። ወጌሻ ቢያሸውስ?

መልስ፦ አይታሽ። የተጎዳው ነርቭ ነው፤ ማሸት አያድነውም። ነርቭ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ የተረከዙ ጅማት እንዳያጥር ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳሳያችሁ ጉልበቱን ዘርግታችሁ የእግሩን መዳፍ በየቀኑ ወደ ላይ ሳቡለት፤ እግሩ በደጋፊ (ስፕሊንት) ይያዝ። በቁጢጥ የሚቀመጡበት መጸዳጃ ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅር፤ መቀመጫው የተበሳ ወንበር ሥር ፖፖ አድርጉለት።