ድረ ገጽዎን ከማፍረስዎ በፊት ይመዝኑት

በባሕር ዳር 12 ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ አንዲት አንባቢ ችግራቸውን ጽፈውልናል። ድረ ገጻቸው በቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ደኅና ይከፈታል፤ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚደውሉ እንግዶች ግን «በስልካችን አልከፈት አለን» ይሏቸዋል። ሲከፈትም የአማርኛው ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንዶች ባዶ ሆኖ ይቆይና ድንገት ብቅ ይላል፤ ወዲያውም የገጹ አቀማመጥ ይዘላል። የምግብ ዝርዝሩ ደግሞ በጉግል ፍለጋ አይገኝም። ያማከሩት ባለሙያ ድረ ገጹ ያረጀ ስለሆነ ፈርሶ ሪአክት በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ እንደ አዲስ መሠራት አለበት ብሏቸዋል፤ እሳቸውም ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት የሌላ ሰው አስተያየት ይፈልጋሉ።

ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። የላኩልንን አድራሻ በስቱዲዮአችን ባለ አንድ ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ፣ ዋይፋዩን ዘግተን በሞባይል ዳታ ከፈትነው። ማንኛውንም ሥራ ከማስረከባችን በፊት የምንፈትነው በዚሁ ስልክ ነው፤ በፈጣን መስመርና በሰፊ ስክሪን ላይ ብቻ የታየ ገጽ አሠሪውን ቢያስደስትም እንግዳው እጅ ላይ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ካየነው በመነሣት የምንሰጥዎ ምክር ድረ ገጹን እንዳያፈርሱት ነው። ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የተለቀቀ ጥሩ መሣሪያ ሲሆን፣ ጥቅሙ የሚጎላው ተጠቃሚው በነካው ቁጥር ይዘቱ በሚለዋወጥ ሥራ ላይ ነው። አምስት ገጽ ብቻ ላለው፣ ዋጋውና ፎቶው በወር አንዴ ቢቀየር ለሚበቃው የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ግን አያስፈልግም፤ በጥንቃቄ ካልተሠራ እንዲያውም ስልኩ አንድ መስመር ጽሑፍ ከማሳየቱ በፊት ብዙ ኮድ አውርዶ እንዲያስኬድ ያስገድደዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እነዚያው ፎቶዎችና እነዚያው ፎንቶች (የፊደል ቅርጽ ፋይሎች) ወደ አዲስ ቤት ቢዛወሩ ክብደታቸው አይቀንስም።

የመነሻ ገጽዎ በጠቅላላው 31 ሜጋባይት ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 28ቱ ከላይ ምስሎች እየተፈራረቁ በሚያልፉበት ተንሸራታች ላይ የተደረደሩት 7 ፎቶዎች፣ 1.4ቱ የፎንት ፋይሎች ሲሆኑ፣ የተረፈው የካርታው፣ የቀን መቁጠሪያውና የልዩ ልዩ ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩ ቅጥያዎች) ኮድ ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ላይ 31 ሜጋባይት፣ ማለትም 248 ሜጋቢት፣ ወርዶ የሚያልቀው በ62 ሰከንድ ነው። ጉግል ጥሩ ነው የሚለው ገጽ ትልቁን የሚታይ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ የሚያሳየውን ነው። እንግዳው ዳታውን በሜጋባይት ገዝቶ እንደሆነ ደግሞ የክፍልዎን ዋጋ ገና ሳያይ ለእርስዎ ፎቶዎች ከፍሏል ማለት ነው።

እንግዲህ ከፎቶዎቹ እንጀምር። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ በመሆናቸው እያንዳንዳቸው ከ4000 ፒክሰል በላይ ስፋት አላቸው፤ የብዙ ስልኮች ስክሪን ግን እውነተኛ ስፋቱ 1080 ፒክሰል አካባቢ ነው። ስልኩ ሙሉውን አውርዶ አብዛኛውን ይጥለዋል። እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 1200 ፒክሰል ስፋት ዝቅ አድርገው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዌብፒ በተባለው የምስል ዓይነት፣ ጥራቱን 75 ላይ አድርገው ቢያስቀምጡት፣ አንዱ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ይሆናል። አቪፍ የሚባለው ከዚህም በላይ ያምቃል፤ ለእርስዎ ሥራ ግን ዌብፒ ይበቃል። ስኩሽ የተባለው ነፃ መሣሪያ ይህን በብራውዘር ውስጥ ይሠራልዎታል፤ ፎቶውም ከኮምፒውተርዎ አይወጣም።

ተንሸራታቹን ግን ቢያነሡት እመርጣለሁ። ደንበኞቻችን ሁሉ ይወዱታል፤ ሰባቱንም ፎቶዎች እስኪያልፉ ተቀምጦ የሚጠብቅ እንግዳ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አንድ ጥሩ ፎቶ፣ በተለይም ከክፍሉ መስኮት ጣና የሚታይበትን፣ ከላይ አስቀምጠው ሌሎቹን ወደ ክፍሎቹ ገጽ ይውሰዷቸው። ባለሙያዎ ታች ያሉት ፎቶዎች እንግዳው ወደ እነርሱ ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ ያድርግ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ግን በዚህ ትእዛዝ ውስጥ እንዳያስገባው፤ ይህ በሌሎች ሥራዎች ላይ ደጋግመን ያየነው ስሕተት ነው፤ ቀድሞ መታየት ያለበትን ምስል ወደ ኋላ ያስቀረዋል። የእያንዳንዱ ፎቶ ስፋትና ቁመት በኮዱ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ብራውዘሩ ቦታውን አስቀድሞ ስለሚይዝለት ከመዝለሉ ግማሹ በዚህ ብቻ ይቀራል።

የቀረው የመዝለል ምክንያትና የጽሑፉ መጥፋት ምንጭ ፎንቱ ነው። ገጽዎ ቀጭን፣ መደበኛ፣ ከፊል ደማቅና ደማቅ የሆኑ አራት የፎንት ፋይሎችን ባልታመቀ ቲቲኤፍ ዓይነት ያወርዳል። ስለ ፎንት በድር ላይ የሚነበበው ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ፊደል ላለው የእንግሊዝኛ ገጽ ነው፤ የእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ድምፆች ብቻ 231 ሲሆኑ፣ እንደ «ቋ» እና «ጧ» ያሉት ዲቃሎች፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፎንት በመቶዎች ኪሎባይት ቢመዝን አያስገርምም፤ አራቱን በአንድ ጊዜ ማስወረድ ግን ሊታለፍ የማይገባ ስሕተት ነው። ብራውዘሩ ፎንቱ እስኪደርስ ጽሑፉን ደብቆ ይጠብቃል፤ ክሮም ይህን የሚያደርገው ለ3 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በስልኩ ፎንት ያሳየዋል፤ የታዘዘው ፎንት ሲደርስም ይቀይረዋል። የሁለቱ ፎንቶች የፊደል ስፋት ስለሚለያይ መስመሮቹ በሌላ ቦታ ይሰበራሉ፤ እርስዎ መዝለል ያሉት ይህንኑ ነው።

የእኔ ምርጫ ለዋናው ጽሑፍ ምንም ፎንት አለማስወረድ ነው። የዛሬዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዘው ይመጣሉ፤ አይፎንም የራሱ የግዕዝ ፊደል አለው፤ ዊንዶውስ 8ና ከዚያ ወዲህ የመጡት እትሞች ደግሞ ኤብሪማ አላቸው። የማረፊያዎን መልክ የሚያሳይ የተለየ ፊደል ከፈለጉ ለርዕሶች ብቻ፣ በአንድ ውፍረት፣ ዎፍ ሁለት በተባለው የታመቀ ዓይነት ይጠቀሙ፤ ጽሑፉም ፎንቱን ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲታይ ባለሙያዎ የፎንት ማሳያውን ትእዛዝ «ስዋፕ» ላይ ያድርገው። ፎንቱን ለማቅለል ሲባል ገጹ ላይ የሚገኙትን ፊደሎች ብቻ መርጦ ሌላውን መቁረጥ ግን አይመከርም። እኛ አንድ ጊዜ ይህን አድርገን፣ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ርዕሱን ሲቀይር ከቃሉ መካከል አንዷ ፊደል ብቻ በሌላ ፎንት ቁጭ ብላ ተገኘች፤ ያፈርኩበት ሥራ ነው። ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመዘገበውን ዋናውን የኢትዮፒክ ክፍል ሙሉውን ይያዙ፤ በኋላ የተጨመሩት የማስፋፊያ ክፍሎች በአማርኛ ብቻ ለሚጻፍ ገጽ ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለ ፎንት ካነሣን ዘንድ ስለ ንባቡም ጥቂት ልበል። ደማቅ ቅርጽ የሌለውን ፎንት «ደማቅ ሁን» ብለው ሲያዙት ብራውዘሩ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል፤ በትንሽ መጠን ሲጻፍ «ጪ» እና «ጬ»ን ለመለየት ያስቸግራል። አዘንብሎ መጻፍም ለፊደላችን አይስማማውም። የአማርኛ ፊደል አብዛኛውን ቁመቱን ስለሚሞላ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ገደማ ቢሆን ዓይን አይደክምም። በገጽዎ ላይ ከአራት ነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ እየተተወ ስለተጻፈም በስልክ ላይ «።» ብቻዋን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ወርዳ ትገኛለች፤ ባዶ ቦታውን በማጥፋት ብቻ ይስተካከላል።

የምግብ ዝርዝሩ በፍለጋ የማይገኘው ጽሑፍ ስላልሆነ ነው። እንደምገምተው ዝርዝሩ ከዓመታት በፊት የተተየበው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ መጻፊያ ነው፤ እነዚያ መጻፊያዎች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቁጥር ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጡ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ይሆናሉ። የቀድሞው ሠራተኛም መላ ሲያጣ ገጹን እንደ ፎቶ ለጥፎታል። ፎቶን የፍለጋ ሞተር በጽሑፍ ልክ አያነብበውም፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጽ የሚያነብብ ፕሮግራምም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ብቻ ስለሆነ መቀየሪያ ፕሮግራም ከመፈለግ ይልቅ እንደገና ይተየብ፤ መቀየሪያው ያሳሳታቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ ማደኑ ከትየባው ይረዝማልና። በዚያው አጋጣሚ በኮዱ ላይ የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ የተመዘገበው ወደ አማርኛ ይቀየር፤ ያለበለዚያ ገጽ አንባቢው ፕሮግራም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነብበው ይሞክራል።

የፊደል አጻጻፍን በተመለከተ፣ የከተማዎ ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዱ «ባሕር ዳር» ብሎ ሲፈልግ ሌላው «ባህር ዳር» ይላል፤ «ዓሣ»ም «አሳ»፣ «ዓሳ»፣ «አሣ» እየተባለ ይጻፋል። የፍለጋ ሞተር ሞክሼ ፊደሎችን ሁልጊዜ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። በርዕሱ ላይ የሚመርጡትን አጻጻፍ ይጠቀሙ፤ በአድራሻውና በአጭር መግለጫው ላይ ደግሞ ሁለተኛው አጻጻፍ በተፈጥሮው ቢገባ ይጠቅማል። ሌሎቹን አጻጻፎች በነጭ ላይ በነጭ ቀለም መደበቅን የሚመክርዎ ቢኖር ግን እንዳይሰሙት፤ ጉግል ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል።

የተቀረው ቀላል ነው። በቀጥታ የገባው ካርታ በአንድ ትንሽ የካርታ ምስል ይተካና ሲነካ የስልኩን የካርታ መተግበሪያ ይክፈት፤ የስልክ ቁጥርዎ ሲነካ የሚደውል ይሁን፤ ከጎኑም የቴሌግራም አድራሻዎ ይቀመጥ። ከባዱን የቀን መቁጠሪያ ፕለጊን አንሥተው ብራውዘሩ ራሱ የሚሰጠውን የቀን መምረጫ ይጠቀሙ፤ እርሱ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ግን የተመረጠው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሥሩ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ብራውዘሮች ይህን ስሌት በውስጣቸው ስለያዙት ተጨማሪ ፕለጊን አያስፈልገውም። መስከረም 5 እና ሴፕቴምበር 5 በ10 ወይም በ11 ቀን ይራራቃሉና፣ ክፍሉ ለሌላ ከተሰጠ በኋላ ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ይህች አንዲት መስመር ትልቅ ነገር ናት። የመግቢያ ሰዓቱንም «ከቀኑ 8 ሰዓት» ካሉ በኋላ ለውጭ እንግዶች 14፡00 ብለው ይጨምሩበት።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የመነሻ ገጽዎ ከ1 ሜጋባይት በታች እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ለአንድ ጠንቃቃ ባለሙያም የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥራ ነው። ውጤቱን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የጉግል መለኪያ በነፃ መለካት ይችላሉ፤ ጥቂት ጎብኚ ላለው ድረ ገጽ ከእውነተኛ ተጠቃሚዎች የተሰበሰበ መረጃ ብዙ ጊዜ ስለማያሳይ ግን ከነጥቡ ይልቅ በርካሽ ስልክና በሞባይል ዳታ ያዩትን ይመኑ። ባለሙያው አንዳች ነገር ከመንካቱ በፊት የድረ ገጹንና የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ወስዶ እንዲያስረክብዎ ይጠይቁት፤ የዶሜይን ስሙም (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበ በጽሑፍ ያሳውቅዎ፤ በእርስዎ ስም ካልሆነ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ወደ ስምዎ ያዛውሩት።