እናታችንን የምጦረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንድምና እህቴን ሕግ ያስገድድልኛል?

ጥያቄ፦ እናታችን 78 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ ካጋጠማት ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ አትነሳም። አንዳንድ ቀን ነገር ይምታታባታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁሉንም በትክክል ታስታውሳለች። እኔ የሒሳብ ሥራዬን ትቼ አዲስ አበባ ባለው የወላጆቻችን ቤት አብሬያት እየኖርኩ እጦራታለሁ። አባታችን በሕይወት የሉም። ታላቅ ወንድማችን ነጋዴ ነው፤ ታናሽ እህታችን ውጭ አገር ትሠራለች። ስለ ወጪ ሳነሳ «በነጻ ቤት ትኖሪ የለም ወይ?» ይሉኛል። የእናቴ ገቢ ከአባታችን የጡረታ አበል የሚደርሳትና የአንዲት ክፍል ኪራይ ብቻ ነው። ወንድሜ ከብዙ ዓመት በፊት ከእናታችን የተሰጠው ጠቅላላ ውክልና ስላለው ቤቱን እንዳይሸጠው እሰጋለሁ። ሕግ እንዲያግዙኝ ያስገድዳቸዋል? እስካሁን ያወጣሁትንስ ማስመለስ እችላለሁ? እናቴ «ቤቱ ያንቺ ነው» ትለኛለች፤ ይህ ዋጋ አለው? ሥራ ብጀምርና አስታማሚ ብቀጥርላት በሕግ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አዎን ነው፤ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 198 በወላጆችና በተወላጆች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ግዴታው በምግብ አያበቃም፤ መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል። ስለዚህ የእናትዎ የመድኃኒት፣ የሐኪም፣ የፊዚዮቴራፒና የንጽሕና መጠበቂያ ወጪ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታል። ወንድምና እህትዎ ሲፈልጉ የሚሰጡት፣ ሳይፈልጉ የሚተዉት ስጦታ አይደለም።

ነገር ግን ብዙ ጧሪዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። የቀለቡ መብት የእናትዎ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ሕጉ የሚያውቀው ቀለብ የሚገባውን ሰውና ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለበትን ሰው ነው። ሌሊት ተነስቶ የሚያገላብጣቸውን፣ ሥራውን የተወውን ሰው ለይቶ አያውቀውም። እንዲያውም በሕጉ ዓይን እርስዎም እንደ ወንድምና እህትዎ አንዷ ባለግዴታ ነዎት። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሕጉ ሊያርመው የሚገባ ክፍተት ነው ብዬም አምናለሁ። እስኪታረም ድረስ ግን የእርስዎ መከላከያ ጽሑፍ ነው፤ የወጪ መዝገብ፣ የጽሑፍ ጥያቄ፣ የጽሑፍ ስምምነት።

ከዚህ የተነሳ ክስ ቢመሠረት ከሳሿ እናትዎ ናቸው። አእምሯቸው በተረጋጋበት ጊዜ ለእርስዎ ወይም ለጠበቃ የውክልና ሥልጣን ሊሰጡ ይችላሉ። የዳኝነት መክፈያ ካጣችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

በክሱ ላይ ወንድምዎ የሚያነሡት የመጀመሪያ መከራከሪያ ከወዲሁ ይታየኛል፤ «ቤትና ጡረታ ያላት እናት ችግረኛ አይደለችም» ይላሉ። ሕጉም በአንቀጽ 201 ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር የማይችል እንዲሆን ስለሚጠይቅ መከራከሪያው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። መልሱ ያለው በቁጥር ውስጥ ነው። የሚኖሩበት ቤት መድኃኒት አይገዛም። በአንድ በኩል የጡረታውንና የኪራዩን ገቢ፣ በሌላ በኩል የወሩን ወጪ ከነደረሰኙ ያስቀምጡ፤ ልዩነቱ ችግሩን ያሳያል። እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆኑ ይህን ከማንም በተሻለ ያዘጋጁታል።

ፍርድ ቤቱ መጠኑን የሚወስነው የጠያቂውን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም አመዛዝኖ ነው። ለሦስት እኩል ይካፈል ማለት አይደለም። ገቢ ያለው ነጋዴና ሥራዋን ትታ የምታስታምም ልጅ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ስለዚህ በክሱ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ በጉልበትና በጊዜ እየተከፈለ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ሁኔታው ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል በማናቸውም ጊዜ ማመልከት ይቻላል። ውጭ አገር ላለችው እህትዎ መጥሪያ ማድረሱ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ ሆኖም ከአባታችሁ ቤት የሚደርሳት የውርስ ድርሻ እዚሁ ያለ ንብረቷ ነው፣ ፍርድም ሊፈጸምበት ይችላል።

ያለ በቂ ምክንያት በሕግ የሚገባን ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል፤ ጉዳዩ የሚንቀሳቀሰው በተበዳዩ የግል አቤቱታ ነው። በር መክፈቻ እንዲሆን ግን አልመክርም። እናት ልጃቸውን በወንጀል እንዲከሱ ማድረግ እሳቸውን ራሳቸውን የሚያሳምም እርምጃ ነው።

ያለፈው ወጪ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ሕጉ ቀለብ ለዕለት ኑሮ የሚሰጥ መሆኑን ይዞ፣ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ያልተቀበሉትንና ያልጠየቁትን የቀለብ ክፍያ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካላስረዱ በቀር፣ በኋላ እንዳይጠይቁት ይገድባል። በሌላ በኩል ከብዙ ባለግዴታዎች አንዱ የሌሎቹንም ድርሻ ከከፈለ በእነርሱ ላይ የመመለስ ጥያቄ አለው። ስለዚህ የሦስቱን ዓመት ወጪ ሁሉ አገኛለሁ ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ ሁሉም ጠፋ ብለውም አይተዉት። ዛሬውኑ ለሁለቱም የወሩን ወጪ ዝርዝርና የሚጠየቁትን ድርሻ ጽፈው ይላኩ፤ የላኩበትንም ማስረጃ ይያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አልጠየቀችንም» ሊሉ አይችሉም።

ከክሱ በፊት ግን አንድ የቤተሰብ ስብሰባ ይጥሩ፤ የሚሰሟቸውን ሽማግሌዎችም ያስገኙ። የቤተሰብ ሕጉ ባለግዴታዎቹ ከመካከላቸው ማን ቀለቡን እንደሚሰጥ እንዲስማሙ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ነው ሕጉ ያልጠራዎትን እርስዎን በስምዎ ማስገባት የሚቻለው። ስምምነቱ ማን በየወሩ ስንት በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚያስገባ፣ ድንገተኛ የሆስፒታል ወጪ እንዴት እንደሚከፈል፣ ለእርስዎ ድካም የሚታሰበው የወር ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ በዓመት ለስንት ሳምንት ማን ተክቶዎት እንደሚያስታምም ይዘርዝር። «በነጻ ቤት ትኖሪያለሽ» የሚለውም ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋ፤ በቤቱ የሚኖሩት እናትዎን ለማስታመም እንደሆነና የኪራይ ዕዳ እንደማይታሰብብዎት ይጻፍ። ሁሉም ፈርመውበት በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው መሥሪያ ቤት ቢረጋገጥ ይመረጣል።

ወደ ውክልናው ልመለስ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ግብር ለመክፈልና ለመሳሰለው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ የሰነዱን ግልባጭ አውጥተው «መሸጥ» የሚል ሥልጣን በግልጽ ሰፍሮበት እንደሆነ ያንብቡ። ቢኖርበትም እናትዎ በፈለጉ ጊዜ ሊሽሩት ይችላሉ፤ በሕግ ችሎታቸውን ካጡም ውክልናው ይቀራል። ደግሞ ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የአባታችሁ ውርስ ነው፤ ይህም ለሦስታችሁም ይደርሳል። እናትዎ ያልያዙትን ድርሻ ወንድምዎ በእናትዎ ውክልና ሊሸጡት አይችሉም። የሽያጭ ምልክት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ።

«ቤቱ ያንቺ ነው» የሚለው የእናትዎ ቃል ፍቅራቸውን ይገልጻል፤ በፍርድ ቤት ግን ቤት አያስተላልፍም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ግልጽ ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይህም መፈጸሙ በሰነዱ ላይ ተጽፎ፣ ቀኑ ተመልክቶ በሁሉም መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ የጦረውም ያልጦረውም። ይህን ስነግር ደንበኞቼ ይደነግጣሉ፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

እናትዎ ሊናዘዙልዎት ቢፈልጉ መናዘዝ የሚችሉት የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ልጆች ያለ ምክንያት ከውርስ የሚነቅል ኑዛዜም ክርክር ያስነሣል። አእምሯቸው አንዳንዴ የሚምታታ መሆኑ ደግሞ ለተቃዋሚ ትልቅ መሣሪያ ነው። ስለዚህ እርስዎ በሌሉበት፣ ተጠቃሚ ባልሆኑ ምስክሮች ፊት፣ በዚያው ቀን ከሐኪም የተሰጠ የአእምሮ ጤና ማስረጃ ተያይዞ ይደረግ። እርስዎ አጽፈው ለፊርማ ብቻ የሚያቀርቡላቸው ወረቀት ግን ነገ የሚጎዳው እርስዎን ራስዎን ነው።

መምታታቱ ከበረታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 339 በእርጅና ምክንያት የሥራቸውን ውጤት ለመረዳት የማይችሉ ሰዎችንም ይጠብቃል። የሥጋ ዘመድ እንደመሆንዎ እናትዎ በፍርድ እንዲከለከሉ፣ ማለትም ሕጋዊ ሥራዎችን በራሳቸው እንዳይፈጽሙ፣ አሳዳሪና ሞግዚትም እንዲሾምላቸው ማመልከት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ጡረታውንም፣ ኪራዩንም፣ የቀለብ ክሱንም በስማቸው የሚመራው የተሾመው ሰው ነው፤ ሒሳቡንም ያቀርባል።

በመጨረሻ ያነሡት ጥያቄ ውስጥ ፍርሃት እንዳለ ተረድቻለሁ። አይፍሩ። ሥራ ቢጀምሩና አስታማሚ ቢቀጥሩ በሕግ አይጠየቁም። ግዴታው እናትዎ በአግባቡ እንዲኖሩ ማድረግ ነው እንጂ ዕድሜ ልክዎን በራስዎ እጅ እንዲያነሡና እንዲያስተኙ አይደለም። የሚያስጠይቀው ራሱን መርዳት የማይችልን ሰው ያለ ተረካቢ ጥሎ መሄድ ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት አስታማሚዋን ይቅጠሩ፣ ጥቂት ቀን አብረዋት ይቆዩ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በጽሑፍ ይስጧት፣ ለወንድምና ለእህትዎም ከየትኛው ቀን ጀምሮ ሥራ እንደሚገቡ ያሳውቁ። የአስታማሚዋ ደመወዝ የእናትዎ የጤና እንክብካቤ ወጪ ስለሆነ በሦስታችሁ አቅም ልክ የሚከፈል ነው፤ በምትልኩት ዝርዝር ላይ በመጀመሪያው መስመር ያስገቡት።