ትምህርቴን አቋርጬ ውትድርና ልግባ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስኮትላንድ ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ነህ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በስኮትላንድ መንገድ ያሠራውን የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የጄኔራል ጆርጅ ዌድን ታሪክ ካነበብክ ወዲህ ልብህ ወደ ውትድርና ሸፍቷል። አባትህ ደግሞ «ትምህርቱ ይቆይ፣ ሥራ ግባና አገር ቤት ያለውን ዕዳ እንክፈል» ይሉሃል። «ዌድ ያለ ዲግሪ ፊልድ ማርሻል፣ የጦሩ ከፍተኛ ማዕረግ ላይ ደርሷል» ያልከው ግን አንገበገበኝ።

አዎ፣ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1690 በዝቅተኛው የመኮንን ማዕረግ ገብቶ ፊልድ ማርሻል የተባለው በ1743፣ በሰባ ዓመቱ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ጦር ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ ይህ የቀረው በ1871 ነው። ደግሞስ ማዕረጉ ምን ጠቀመው? በ1745 የጃኮባይት ዓመፀኞች፣ ማለትም ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ሊመልሱ የተነሱት፣ ከስኮትላንድ ተነስተው እንግሊዝ ሲገቡ እሱ ኒውካስል ነበር፤ ሊቆርጣቸው ቢወጣም በረዶ መንገድ ዘጋበት።

ስሙን ያቆየለት መንገዱ ነው። በ1724 ንጉሡ ወደ ስኮትላንድ ደጋ ላኩት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና 40 ገደማ ድልድይ አሠራ። የቆፈሩት ወታደሮቹ ናቸው፤ ለዚህም ከደመወዛቸው በላይ ይከፈላቸው ነበር። ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ጠጠር። መንገድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ውሃው በየት እንደሚወርድ ነው መጀመሪያ የሚጠይቀው፤ እኔም ከዝናብ ማግስት ሳይት ስወጣ ቀድሜ የማየው ቦዩን ነው። በ1733 አበርፌልዲ ላይ የተሠራው ባለ አምስት ቅስት ድልድይ ዛሬም መኪና ያሳልፋል። ንድፉን የሠራው ግን ዌድ አይደለም፤ ዊልያም አዳም የሚባል አርክቴክት ነው። ጄኔራሉ ሥልጣን ይዞ እንኳ ባለሙያ መፈለግ ነበረበት። አንተ አሁን የምትማረው ያንን ሙያ ነው፤ እንዴት ትተወዋለህ?

አባትህን ሳከብር እናገራለሁ፦ ተሳስተዋል። ጥቂት የቀረውን ትምህርት በመጋዘን ሥራ ደመወዝ መለወጥ ዕዳውን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ቅዳሜና እሁድ ሥራ፤ በወር ስንት እንደምትልክ ቁርጡን ንገራቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አትግባ።

ዕድሜህ 22 ነው፣ አልመሸም። የእንግሊዝኛ አነጋገርህ አያሳስብህ፤ ሳይት ላይ የሚፈለገው ልኬትህ ትክክል መሆኑ ነው። ከተመረቅህ በኋላም ውትድርናው ካልወጣልህ የእንግሊዝ ጦር የምህንድስና ክፍል የሆነው ሮያል ኢንጂነርስ አለ፤ ዲግሪህን ይዘህ አመልክት።

ለዚህ በጋ የመንገድ ኮንትራክተሮች ዘንድ ኢንተርንሺፕ ጠይቅ። ሲቪህን መጀመሪያ ለእኔ ላክልኝ፣ አስተካክልልሃለሁ።