ፀጉሬን መቀባት ተውኩ፤ እህቴ «ራስሽን ጣልሽ» አለችኝ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ እኔም ልጻፍ አልኩ። 54 ዓመቴ ነው። የምኖረው አዳማ ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል። ትልቋ ዱባይ ናት፣ ትንሹም እዚሁ ሥራ ይዟል።

ባለፈው ዓመት ፀጉሬን መቀባት ተውኩ። ጥቁሩ ሂና ያሳክከኝ ነበር። ከዚያ ለየሰርጉ አንድ ዓይነት ቀሚስ ማሰፋትም ተውኩ። «እመጣለሁ፤ ግን ያለኝን ለብሼ ነው» አልኳቸው። አሁን ደግሞ ብዙ ዓመት የቆየሁበትን የማርያም ማኅበር ልተው እያሰብኩ ነው። ጸሎቱን ጠልቼ አይደለም፣ የድግሱ ፉክክር ሰልችቶኝ ነው። ባለፈው ወር አንዷ እንደ ልማዷ ስለ ልጇ መኪና ስታወራ «አንቺ ግን ሌላ ወሬ የለሽም?» አልኳት። ሰው ሁሉ ፊት። ቤቱ ጭጭ አለ። እኔን ግን ቅልል አለኝ።

ታናሽ እህቴ «ራስሽን ጣልሽ፣ እናቴ ነው የምትመስይው» ትለኛለች። ድሮ «ሰው ምን ይለኛል» እያልኩ እንቅልፍ አጣ ነበር። አሁን ግድም አይሰጠኝ። ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ይኼ መብሰል ነው ወይስ አንድ ነገር ሆኛለሁ?

ፀጉረ ነጯ፣ ከአዳማ

መልስ

የእኔ እህት፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ከቀላሉ ልጀምር፣ ከፀጉሩ።

ንጹሕ ሂና የሚያወጣው ቀላ ያለ ቀለም ነው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይገባበታል። እሱ ነው አንዳንዱን ሰው የሚያሳክከው፣ የሚያሳብጠው፣ አንዳንዴም የሚያቆስለው። አንዴ አልቀበልም ያለ ቆዳ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ያሳከከሽን ነገር መተውሽ አስተዋይነት ነው፤ ራስን መጣል የሚባለው እያሳከከሽ ብትቀቢው ነበር።

አስቸጋሪው መሀል ያለው ጊዜ ነው። ከግንባር የሚነሳ ነጭ መስመር፣ ከሱ በታች የከሰለ ጥቁር። ሰው ሲያወራሽ ዓይኑ እዚያች መስመር ላይ ነው። ያንን አልፈሽዋል። ዋጋ የለውም ግን አልልሽም። የታክሲ ረዳት «ማዘር፣ ግቡ» ይልሻል። እኔ መጀመሪያ ሲለኝ ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬአለሁ። በምትኩ ወንበር ይለቀቅልሻል። አይከፋም።

እህትሽ «አረጀሽ» ስትልሽ ምሩጽ ይፍጠርን አስታውሻት። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያመጣ ጋዜጠኞቹን ያስጨነቃቸው ዕድሜው ነበር። ስንት ዓመትህ ነው እያሉ ሲያስቸግሩት፣ ሰው ዶሮዬንም በጌንም ሊሰርቀኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ማለቱ ይነገራል። «ማርሽ ቀያሪው» መልስም ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የሒሳብ ሰው ነሽና በሒሳብ ላስረዳሽ። በ30 ዓመትሽ አበዳሪሽ ብዙ ነበር። አማት ልጅ ትይዝልሻለች፤ ስለዚህ ወጧ ጨው ቢበዛበትም «እጅሽ ይባረክ» ነው። አለቃ የሥራ አፈጻጸምሽን ይሞላል፤ ስለዚህ ቀልዱ ባያስቅም ትስቂያለሽ። ጎረቤት ልጆችሽን ከትምህርት ቤት ታመጣልሻለች፤ ስለዚህ በረካውን ሳትጠጪ ከቤቷ አትወጪም። ያኔ ይሉኝታ ሞኝነት አልነበረም፣ የብድሩ ወለድ ነበር። አሁን ልጆች አድገዋል። ጡረታሽ በ60 ይመጣል። ዕዳው አልቋል። ብዙዎቻችን ግን ከልማድ መክፈላችንን እንቀጥላለን። አንቺ አቆምሽ። ለዚህ ነው ደስ ያለሽ።

እኔ ራሴ ጥሬ ሥጋ እንደማልወድ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ከ50 በኋላ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት በየዓውደ ዓመቱ ቁርጡ ሲመጣ ፈገግ ብዬ እቀበላለሁ። በአዋዜ አጥለቅልቄ፣ በእንጀራ ሸፍኜ፣ እንደ ክኒን እውጣለሁ። ባለቤቱ ደግሞ «ወደደችው!» ብሎ ይጨምርልኛል። አንድ የፋሲካ ቀን «ለእኔ ጥብስ አድርጉልኝ፣ ጥሬ አልወድም» አልኩ። ሰማይ የሚደፋ መስሎኝ ነበር። የቤቱ እመቤት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኔም አልወድም፣ ነይ ማድ ቤት አብረን እንብላ።» ስንት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ስናስመስል ኖረናል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ብዙ ሰው አይናገረውም። ዕድሜ ብቻውን ነፃ አያወጣም። በልጇ ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቷት የምትኖር የ70 ዓመት እናት አሁንም የምራቷን ፊት እያየች ነው የምትውለው። ሽበቷ ካንቺ ይበልጣል፣ ነፃነቷ ግን ያንቺን ሩብ አያክልም። አንቺ እንደ ልብሽ የሆንሽው የራስሽ ደመወዝ፣ የራስሽ በር ስላለሽ ነው። ስለዚህ ጡረታሽን ጠብቂ። ቤት ካለሽ በልጆችሽ ስም ለማዛወር አትቸኩዪ። ልጆችሽ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። በገዛ ቤትሽ እንግዳ እንዳትሆኚ ነው።

ማኅበሩን በተመለከተ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነችው ላውራ ካርስተንሰን ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ሰው የቀረው ጊዜ ረጅም እንዳልሆነ ሲሰማው ክቡን ያጠባል። ለወሬና ለትውውቅ የያዛቸውን ይለቃል፣ የልቡን ሰዎች ይይዛል። እርጅና ብቻም አይደለም የሚያመጣው፤ በጠና የታመመ ወጣትም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለበት ነገር ሲሰለችሽ ሰው ጠላሁ ብለሽ አትደንግጪ።

አወጣጥ ግን አለው። ጽዋው አንቺ ጋር ከሆነ ወይም ተራሽ ከደረሰ መጀመሪያ ደግሺና አስረክቢ። «በልታ ጠጥታ ወጣች» አያስብሉሽ። ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለመሪው ማለቴ ነው፣ ቀድመሽ ለብቻ ንገሪ፤ ከሌላ ሰው አይስማው። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ አንድ ሐሳብ ጣል አድርጊ። ድግሱ ዳቦና ጠላ ብቻ ይሁን፣ ወጥ የሚባል ነገር ይቅር በይ። ስንቷ በሆዷ እንደምትመርቅሽ ታያለሽ። ኑሮው እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ፉክክሩ ያደከመው አንቺን ብቻ አይመስለኝም። ምናልባትም መውጣቱ ይቀራል።

ከዕድር ግን እንዳትወጪ! ሰርግ ብትቀሪ ይረሳል፣ ለቅሶ ብትቀሪ አይረሳም። ደግሞም መረሳት የለበትም። ሰው ሲሞትበት ከጎኑ መቀመጥን ከቀሚስ ማሰፋት ጋር አንድ ላይ ጠቅልለሽ እንዳትጥዪው።

ያቺን ሴትዮ ደግሞ ይቅርታ ጠይቂያት።

አዎ፣ መኪናው አሰልቺ ነው። ግን ቅልል ያለሽ አንቺን ነው፤ እሷ ያንን ቀን እንዴት ወደ ቤቷ እንደሄደች አስቢ። እኛ ዕድሜ የጠገብን ሰዎች አንድ መጥፎ አመል አለን፤ «እኔ የመጣልኝን ነው የምናገረው» እንላለን። የመጣልንን ፀጉራችን ላይ እናድርገው እንጂ ሰው ላይ አንጣለው። እንደ ልብ መሆን በራስ ሳህን፣ በራስ ልብስ፣ በራስ ጊዜ ነው። ሌላዋን ሰው ፊት ማሳፈር ያው የድሮው ፉክክር ነው፤ በዚህ ዙር አንቺ አሸነፍሽ ማለት ብቻ ነው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። «የዚያን ቀን አላማረብኝም» ብትያት ይበቃል። ስለ ልጇ ጠይቂያት ደግሞ፤ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ልጁ። በመኪናው የምትሸፍነው ነገር ሊኖር ይችላል።

«አንድ ነገር ሆኛለሁ ወይ» ላልሽው፣ ከደብዳቤሽ እንደማየው አልሆንሽም። ግን ራስሽን ጠይቂ። ድሮ ደስ የሚሉሽ ነገሮች ዛሬም ደስ ይሉሻል? እንቅልፍሽስ? የምግብ ፍላጎትሽስ? ሁሉም ነገር አንድ ላይ ካስጠላሽ፣ ያለ ምክንያት ዕንባ ዕንባ ካለሽ፣ ሌሊት በላብ ተጠምቀሽ የምትነቂ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ። በ40ዎቹ መጨረሻና በ50ዎቹ መጀመሪያ የወር አበባ ሲቆም ገላም ስሜትም ይናወጣል፤ ለዚያም ሕክምና አለው። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ዝም የሚባል አይደለም።

እህትሽንም አትቀየሚያት። እሷ ገና እየከፈለች ነው።

ጥያቄ

ለእትዬ፤ 62 ዓመቴ ነው። ለረጅም ዘመን አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጥ መሥራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ደስተኛ ናት፣ እንዲያውም ከኔ እጅ መብላት ለምዳለች። ታላቅ ወንድሜ ግን ለዘመን መለወጫ ቤቴ መጥቶ ሽንኩርት ስከትፍ አገኘኝና «ሽማግሌ ሆነህ ማጀት ትገባለህ?» ብሎ ሳይበላ ሊሄድ ነበር። ምን ልበለው?

ባለ ሽርጡ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ወንድሜ፣ ሳይበላ «ሊሄድ ነበር» አሉኝ እንጂ ሄደ አላሉኝም። በልቷል ማለት ነው።

ወንድምዎ ሆቴል ገብቶ ክትፎ ሲያዝ ማን የሠራው ይመስለዋል? ወንድ ሊሆን ይችላል። ገዳም ሄዶ ከመነኮሳቱ ጋር ሲበላስ? የወንዶች ገዳም ከሆነ ንፍሮውንም ወጡንም የሠሩት ራሳቸው አባቶች ናቸው። ለደመወዝና ለጽድቅ ሲሆን የሚያኮራ ሥራ፣ ለሚስት ሲሆን ለምን ያሳፍራል? ይህን በክርክር አይንገሩት። ታላቅ ወንድም በክርክር አይረታም። የሚቀጥለው በዓል ላይ ቀድመው ይጥሩትና ዶሮውን እሱ ይገንጥለው፤ ማረድና መገንጠል ያውቃል፣ «የወንድ ሥራ ነው» ብሎ እሺ ይልዎታል። አሥራ ሁለቱን ብልት ሲቆጥር ማጀት ውስጥ ገብቶ ቆሞ ያገኘዋል ራሱን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእርስዎ። ቁሌቱን ያለ ዘይት ነው የሚያበስሉት? ቅቤውንስ መቼ ነው የሚጨምሩት? እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምለው፤ ታላቅ እህቴ ግን ከበርበሬው ጋር ካልገባ ወጥ አይባልም ትላለች። ከመጣላታችን በፊት ይጻፉልኝ።