ጎማዬን ከውስጥ በኩል ምን በላው?

ሰሞኑን መኪናቸውን ዝቅ ያስደረጉ አንባቢዎች በዝተዋል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ጎማ ላይ ያርፋል።

«ቪትዜን 4 ሳንቲም ዝቅ አስደረግኩ። በአራት ወር የፊት ጎማዎቹ ከውስጥ በኩል ሽቦ አወጡ። ካምበሩ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

ግማሹ እውነት ነው። መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ነጌቲቭ ካምበር የሚሉት ይኸው ነው። ግን አንድ ዲግሪ ተኩል የምታህል ዝንባሌ ብቻዋን ጎማ በአራት ወር አትጨርስም። እኔ የምጠረጥረው «ቶ» የሚሉትን ነው፤ ማለትም የሁለቱ ጎማዎች ፊት እርስ በርስ መዞር ወይም መራራቅ። መኪናው ሲወርድ የመሪው ዘንጎች አቀማመጥም ይቀየራል። ያኔ ጎማው መንከባለሉን ትቶ አስፋልቱን እየፋቀ ይሄዳል።

በቀጣዩ ጎማህ ላይ እንዲህ ሞክር። መዳፍህን በጥርሱ ላይ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አሻሽ። በአንዱ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ ነው። ሽቦ ባወጣው ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ እጅህ ያሳዝነኛል።

«አላይመንት ቤት ‹ካምበር አይስተካከልም› ብለው መለሱኝ።»

አልዋሹህም። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ከፋብሪካ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። መፍትሔው የካምበር ቡሎን ነው። አሞርቲዛቶሩን ከታች ከያዙት ሁለት ቡሎኖች አንዱን አውጥተህ መሃሉ ወጣ ያለ ቡሎን ታስገባለህ፤ ሲዞር ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንድ ዲግሪ ገደማ ያስመልሳል። መጀመሪያ ካምበር፣ ከዚያ ቶ፤ ተገላብጦ ከተሠራ ካምበሩ ቶውን ያበላሸዋል። የቪትዝ የኋላው አንድ ወጥ አክስል ስለሆነ ዝቅ ቢልም ካምበሩ እምብዛም አይነካም።

«የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2008 ሲቪኬን ዝቅ ካስደረግኩ ወዲህ የሚያልቁት የኋላዎቹ ናቸው።»

ያንቺ ከቪትዝ ይለያል። የሲቪክ የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዝ ክንድ) ነው የተያዙት፤ ሲወርዱ በደንብ ያዘነብላሉ። ቶውን ከፋብሪካ በመጣው ማስተካከያ አሠሪ። ካምበሩ ከሁለት ዲግሪ ካለፈ ርዝመቱ የሚስተካከል ብራቾ ግዢ።

«ሞላውን በግራይንደር ማስቆረጥ ይረክሳል...»

ተው።

«አላይመንት መቼ ላሠራ?»

ቶውን ወዲያው፣ ሙሉውን ደግሞ ሞላው ከረጋ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ነድተህ። የብራቾው ቡሎኖች መኪናው በጎማው ቆሞ ይጥበቁ፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው (የብራቾው መገጣጠሚያ ላስቲክ) ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል። ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት አሳትመህ ተቀበል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ጠምሞ ከታየህ፣ ሩቅ ሳትሄድ ተመለስ።