641 ከየት መጣ?

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ የሂሳብ የቤት ሥራውን ይዞ መጣ። የአንድ ቁጥር አካፋዮችን ፈልግ ተብሏል። «ጋሼ፣ ስልኩ በሰከንድ ለሚነግረኝ ነገር እኔ ምን አለፋኝ?» አለኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የሂሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ 4,294,967,297 ብለው ጻፉ። 32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ የሚመጣ ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የዚህ ዘር ቁጥሮች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ በእጥፍ የሚያድግ ብዛት ያላቸው ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚመጡት፣ ሁሉ ብቸኛ ናቸው (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም) ብሎ ገምቶ ነበር። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። «ቀጣዩ ይኸው፤ አካፋይ ካለው አምጡልኝ» አሉን።

ማታ ደብተሬ ጀርባ ላይ ማካፈል ጀመርኩ። በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13። መሃል ላይ አንዲት አሃዝ ከሳትክ እንደገና ሀ ብለህ ነው። ስደልዝ ስደልዝ ላጲሱ ወረቀቱን በሳው።

በማግስቱ መምህሩ 641 × 6,700,417 ብለው ጻፉ። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 እንዳገኘው ነገሩን፤ ጠመኔውን ከእጃቸው አራግፈው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፉ። የኮታቸው ኪስ ሁሌም በጠመኔ የነጣ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ላጣ ተማሪ እስክሪብቶ ይገዙ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ተማሪ «641ን ከየት አመጣው?» ያለ አልነበረም። ያኔ መምህር መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ዛሬም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ጎልምሼ ነው። ለካ ኦይለር እንደኛ በየቁጥሩ አልባዘነም! የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ እንዳለበት አሳይቷል። ስለዚህ 3ም 7ም 13ም ገና ከበሩ ተመለሱ። የሚሞከሩት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641 ናቸው። አምስት ማካፈል ብቻ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሌላም አለ። 641 ማለት 5 × 128 + 1 ነው፤ ደግሞም 625 + 16 ነው። ከነዚህ ሁለት መልኮች ተነስቶ ትልቁን ቁጥር ጨርሶ ሳያካፍሉ ማረጋገጥ ይቻላል። አልነግራችሁም፤ ሞክሩት።

የዛሬ ልጆች መልስ ትወዳላችሁ፤ መንገዱ ይሰለቻችኋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ገልብጬ እተኛ ነበር። እንዲያውም ስልክ ከመምህር ይሻላል ልበል? «ለምን?» ብትሉት አይቆጣም። እናንተ ግን አትሉትም።

ከ65,537 ወዲህ የዚህ ዘር ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።